የላዳ ደረት ያለው ሮቦት

የእኅቴ ልጅ ዘንድሮ ዐሥር ዓመት ሲሞላው የጠየቀኝ ስጦታ ሮቦት ነበር። ደሴ ገበያ ላይ የሚሸጡት፣ በባትሪ እየጮኹ የሚራመዱት የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች ሁለት ሳምንት እንደማይዘልቁ ከልምድ ስለማውቅ፣ ለሥራ አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ቀን አትርፌ በእጅ የተሠራ ለመፈለግ ወሰንኩ። ከአሮጌ የመኪና ዕቃ ሮቦት የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ ነበር፤ የት እንደሚገኙ የጠየቅኋቸው ሦስት ሰዎች ግን ሦስት የተለያዩ ሰፈሮች ጠቆሙኝ።

ከለገሃር ተነሥቼ በመጀመሪያ የቆምኩት ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ዘንድ ነው። ብዙ ጊዜ አልፌበታለሁ፤ ሮቦት ፍለጋ ወጥቼ ሳየው ግን ሌላ ነገር መሰለኝ። ፊቱም ጋማውም በጠርዝና በማዕዘን የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ከዱር አንበሳ ይልቅ ተገጣጥሞ ወደቆመ ማሽን ያደላል። የቀረጸው ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው፤ የቆመውም በ1948 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ከፋይበርግላስ የሠራው ቡመራንግ የተባለ የጽሕፈት ጠረጴዛ ከጠፈር መርከብ ተነቅሎ የወረደ ይመስላል፤ ስለዚህ አንበሳውን በዚያ ዐይን ማየቴ የእኔ ጥፋት ብቻ አይደለም።

ቸርችል ጎዳና ላይ ብዙ አልቆየሁም። አንድ ሱቅ ውስጥ «ንጹሕ የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ የቀረበልኝን የቆርቆሮ ሮቦት ገልብጬ ሳየው፣ ከእግሩ ሥር የፋብሪካ ማኅተም ነበረበት፤ በስተጀርባው ባለው መደርደሪያ ላይም አምስት መንትዮቹ ተሰልፈዋል። አመስግኜ ወጣሁና በተክለ ሃይማኖት በኩል ወደ መርካቶ፣ ወደ ምን አለሽ ተራ አመራሁ።

ምን አለሽ ተራ ከዐይን በፊት በጆሮ የሚደረስበት ቦታ ነው። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ የሰበሰቡት በርሜል እዚህ ተቀጥቅጦ ላሜራ ይሆናል፤ ላሜራው ተቆርጦ የከሰል ምድጃ፣ አካፋ፣ ኩራዝ ይሆናል፤ ያረጀ ጎማም በረባሶ ሆኖ ይወጣል። አንድም ዕቃ በተፈጠረበት ሥራ ላይ አይቆይም። እየጠየቅሁ ከደረስኩበት ጠባብ መደብ ላይ ያገኘኋቸው ባለሙያ ኑሯቸው ምድጃና የመስኮት ፍርግርግ ነው፤ ሮቦት የሚሠሩት ትእዛዝ ሲቀዘቅዝ ነው። ያን ዕለት ያለቀ አንድ ብቻ ነበራቸው።

ቁመቱ ከክንዴ ጥቂት ያንሳል። ራሱ የተገለበጠ ፒስተን ነው፤ ፒኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ዐይን ሆኖታል። ክንዶቹ ካንዴላዎች፣ ጣቶቹ ሚስማሮች፣ ጉልበቶቹ የብስክሌት ካቴና፣ መርገጫዎቹ ሁለት ትላልቅ ኩሽኔታዎች ናቸው። ክብደቱ እግሩ ላይ ስለሆነ ገፋ ቢያደርጉት አይወድቅም። ደረቱ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ከላዳ ታክሲ በር የተቆረጠ ላሜራ ሲሆን፣ ላዩ ነጭ፣ ታቹ ሰማያዊ ቀለሙ ሳይፋቅ ቀርቷል። በፊያት 124 ንድፍ ተነሥታ በሶቪየት ኅብረት የተሠራችው ያቺ መኪና በዚህ ከተማ ስንት ዓመት እንዳገለገለች የሚያውቅ ሰው፣ ቀለሙን አለመፋቅ ስንፍና እንዳልሆነ ይገባዋል።

«ጋሼ፣ ራሱን ለምን በብሎን አሰሩት? ለምን አልበየዱትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኅቴ፣ ፒስተን እኮ አሉሚኒየም ነው። ከብረት ጋር በአንድ ኤሌክትሮድ አይያያዝም፤ ቀልጦ ይፈስሳል እንጂ» አሉኝ። ካንዴላውንም እያዞሩ አሳዩኝ፤ ነጩ ሸክላ እሳት ከነካው ስለሚሰነጠቅ የሚበየደው ቁልፍ የሚይዘው የብረት ክፍል ብቻ ነው፤ ያም በአጭር በአጭሩ እየተነካ። ከሁሉ የሚጠሉት ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ማታ እንደ ወባ ስለሚያንቀጠቅጥ ብዙ በያጆች ወተት ይጠጡበታል። እሳቸው ወተቱን አያምኑበትም፤ ሽፋኑን አስቀድመው ይሞርዱና ደጅ አውጥተው ይበይዳሉ።

መምህር ነኝና መናገር አላስቻለኝም፤ ሮቦት የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1920 ከታተመ የቼክ ተውኔት የወጣ መሆኑን፣ በዚያ ቋንቋ ሮቦታ ማለት በግዳጅ የሚሠራ ሥራ መሆኑን፣ በተውኔቱ ውስጥ ያሉት ፍጡራንም ከብረት ሳይሆን ሥጋ መሰል ሆነው የተሠሩ ሠራተኞች መሆናቸውን አወራኋቸው። ሞረዳቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝና፣ «እንግዲያው ገባር ነዋ! ሁዳድ የሚያርስ ገባር» አሉ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስካሁን አላገኘሁም። የዚህ ሙያ ሰዎች በአገራችን ምን ምን ስም ሲወጣላቸው እንደኖረ፣ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል መድረሳቸውን ሳስብ፣ ገባሩን በእጁ የሚሠራው ቀጥቃጭ መሆኑ ትንሽ አስገረመኝ። ይህን ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ስለ ሶፊያ ግን ነገርኳቸው። የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ የሠራት ይህች ሮቦት ከሶፍትዌሯ ከፊሉ አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ላብስ የተሠራ ሲሆን፣ በ2010 ዓ.ም. ክረምት ወደዚህ ስትመጣ ከአካሏ የተወሰነው የነበረበት ሻንጣ በመንገድ ጠፍቶ ነበር። ተለማማጁ ልጅ ሣቀ። ባለሙያው ግን የሚስማሮቹን ጣቶች ጎንበስ አድርገው እያስተካከሉ፣ «የእኔ እጁ ቢጠፋ ካንዴላ ሞልቷል፤ መልሰሽ አምጪው» አሉኝ።

3,500 ብር ጠየቁኝ፤ 3,000 ብዬ ጀምሬ 3,300 ላይ ተስማማን። ልጁ በሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልሎ በሽቦ አሰረልኝ።

በማግስቱ ንጋት አውቶቡስ ልሳፈር ስል ፈታሹ የያዝኩት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሮቦት ነው ስለው ፊቱን አኮሳተረ፤ ሽቦውን አስፈታኝና ከረጢቱን ገለጠ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ፣ ኩሽኔታውን አሽከረከረ፤ ሰማያዊው ደረት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይቺ የላዳ በር ናት» አለ። «አባቴ ነበረችው።»

ከዚያም ተለማማጁ ካሰረው በተሻለ አጥብቆ አሰረልኝ።