የድሬ ሙቀትና የጨው ውሃዬ

ስለ ጨው ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር ዓሣ ስለሚኖርበት የመስታወት ገንዳ የተጻፈ መመሪያ ሁሉ መጀመሪያ "ሂተር ግዛ" ይላል። ጸሐፊዎቹ ብርድ አገር የሚኖሩ ይመስለኛል። እኔ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምኖረው። ሂተሩ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። የኅዳር ሌሊት ካልሆነ ማን ይፈልገዋል? የኔ ገንዳ የሚፈልገው ቬንትሌተር ነው።

ዛሬ ውሃውን ስለካ ይሄው ነገር ሲመላለስብኝ ዋለ። የትኛውንም ቁጥር ብታነሳ ዞሮ ዞሮ ከሙቀቱ ጋር ይገናኛል።

ከጨዉ ልጀምር። የውቅያኖስ ውሃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ቀይ ባሕር ወደ ሰሜኑ ጫፍ 40 ይደርሳል፤ ትነቱ ብዙ ነው፣ የሚገባበት ወንዝ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። የኔም ገንዳ ጠባዩ እንደዚያው ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ግን የትም አይሄድም። ከ100 ሊትር 3 ሊትር ቢተን 35 የነበረው 36 ይሆናል። ቬንትሌተሩ ውሃውን ያቀዘቅዝልኛል፣ ግን የሚያቀዘቅዘው እያተነነ ስለሆነ ጨዉ ይበረታል። በአንድ በኩል ስትረዳው በሌላ በኩል ያስከፍልሃል። ስለዚህ የጎደለውን ጠዋትና ማታ እሞላለሁ። የምሞላው ጨው የሌለበትን ንጹሕ ውሃ ነው።

ንጹሕ ስል የቧንቧውን ማለቴ አይደለም። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ማዕድን የበዛበት ከባድ ውሃ ነው። እዚህ ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ የውሃ መለኪያ ኪት አያስፈልገውም፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ማየት ይበቃል። ቢሆንም ጉጉት አላስቀምጥ አለኝና የናይትሬት መለኪያውን ፈሳሽ የቧንቧ ውሃ ላይ ጠብ አደረግሁበት። ዓሣ የሚባል ነገር ያልነካው ውሃ ቀላ፤ ናይትሬት አለበት ማለት ነው። ለአልጌ ከዚህ የተሻለ ቀለብ የለም። ከዚያ ወዲህ ጨውና ማዕድኑን በሚያስቀረው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ውስጥ ያላለፈ፣ የሟሟውን ነገር የሚለካው ቲዲኤስ ሜትር ዜሮ ያላለው ውሃ ገንዳው ውስጥ አይገባም። የሚያናድደው ማጣሪያው ከሚያወጣው ንጹሕ ውሃ ይልቅ የሚጥለው መብለጡ ነው። ድሬ ላይ ውሃ መድፋት ነውር ነው፤ በጀሪካን እያጠራቀምን ልብስ እናጥብበታለን።

ጎረቤታችን ጨው ስበጠብጥ አይቶኝ "አቦ፣ አፍዴራ ሞልቶ የለ እንዴ! ምን ታካብዳለህ?" አለኝ። የገበታ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። የባሕር ውሃ ግን በሊትር 1,300 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ማግኒዢየምና ከ400 በላይ ካልሲየም ይዟል። ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው። ይሄን ሁሉ አስረዳሁት። "እሺ በቃ" ብሎኝ ሄደ፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

አሞኒያ ላይ ግን ቀልድ አላውቅም። ውሃው እንደ መስታወት የጠራ ሆኖ ሳለ አሞኒያ ሊኖርበት ይችላል፤ ቀለም የለውማ። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎች እሱን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነሱ እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል፣ ማስቸኮልም ብዙ አይቻልም። የአሞኒያ መርዛማነት ፒኤችና ሙቀት በጨመሩ ቁጥር ይብሳል፤ ፒኤች የውሃው አሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል። ያው የአሞኒያ መጠን ፒኤች 8.2 በሆነ ውሃ ውስጥ፣ 7 ከሆነው ይልቅ ከ10 እጥፍ በላይ መርዛማ ነው። በዚያ ላይ የሞቀ ውሃ ብዙ ኦክስጅን መያዝ አይችልም። ለዚህ ነው መብራት ሲሄድ ከፍሪጁ ቀድሜ በባትሪ ወደሚሠራው የአየር ፓምፕ የምሮጠው።

የአሞኒያ መለኪያው ፈሳሽ ቢጫ ከሆነ ዜሮ ነው፣ ወደ አረንጓዴ ካደላ አሞኒያ አለ። ቀለሙን የማነበው በረንዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን ነው። በአምፖል ቢጫውና አረንጓዴ የሚነካካው ቢጫ አይለዩም። ዳኛዬ የእህቴ ልጅ ናት። ቁጥሩን ሳልነግራት ቱቦውን ካርዱ ላይ አስይዛታለሁ። "አጎቴ፣ ቢጫ ነው፣ ስንቴ ልንገርህ!" ትለኛለች። ዜሮ እንዲሆን እየተመኘ ከሚያይ ሰው የሷ ዓይን ይታመናል።

ፒኤች ደግሞ ከእናቴ ጋር ያነካካኛል። ቀን ላይ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲጠቀምበት ይወጣል፣ ሌሊት ይወርዳል። ስለዚህ ሁሌ በአንድ ሰዓት ካልለካህ ቁጥሩን ከትናንቱ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ ቡና የሚፈላው እዚያው ሳሎን ነው። ከሰሉ ሲቀጣጠልና ሰው ሲሰበሰብ በክፍሉ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል፣ ወደ ውሃውም ገብቶ ፒኤቹን ያወርደዋል። "እማ፣ መስኮቱን ልክፈተው?" ስላት "ለዓሦችህ ነው ለእኛ?" አለችኝ። ለሁላችንም ብዬ ከፈትኩት።

መስመር ላይ የማያቸው ሰዎች ፒኤች ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ኬሚካል ይጨምራሉ። አልስማማም። 8.0 ላይ ረግቶ የሚቆይ ውሃ፣ በጠርሙስ ተገፍቶ 8.3 ደርሶ ከሚመለስ ውሃ ይሻላል። ቢጨመር እንኳ መጀመሪያ አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዝበት አቅም ይታይ።

እሱን ዛሬ ለካሁት። በኔ ኪት እያንዳንዷ ጠብታ አንድ ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ናት፣ ውሃው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ እስኪዞር ትቆጠራለች። እስከዛሬ 8 ነበር፤ ዛሬ በ7ኛዋ ዞረ። ገንዳው ውስጥ አንድም ኮራል የለም፤ ታዲያ ማን በላው? ደግሜ ለካሁ፣ ያው 7። ኋላ ድንጋዩን በባትሪ ሳየው ሮዝ ቅርፊት ጀምሮታል፤ ኮራላይን የሚባለው አልጌ ነው። እሱም እንደ ኮራል ካልሲየም ካርቦኔት ይሠራል፤ ለዚያም አልካሊኒቲውን ይበላል።

ደስ ብሎኛል፣ ግን ኮራል ለመግዛት አልቸኩልም። ኮራል ከለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ሁለት ዲግሪ አልፎ ከሰነበተ ይነጣል፣ የድሬ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ገና ከፊቴ ናቸው። እስከዚያው ሁለተኛ ቬንትሌተር እፈልጋለሁ፤ አሸዋ ገበያ ቅዳሜ ወጥቼ ዋጋ አያለሁ።