በቀብር ስብከት ዝግጅት እስካሁን የተማርኩት

ሰላም ለእናንተ፣ ወንድሞችና እህቶች። የቀብር ስብከት ዝግጅቴን ለማሻሻል መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ከመምረጤ በፊት ቤተሰቡን መስማት ስጀምር ነው። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ ሩቅ አያስኬድም። «ደግ ነበሩ» ይባላል፣ በቃ። «ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?» «ሁልጊዜ የሚሏት አባባል ነበረች?» ስል ግን ሰው ይፈታል። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀጥላል፣ እያለቀሱም ፈገግ ይላሉ። የሰማሁትን በራሳቸው አነጋገር እጽፋለሁ። ሰው ፊት የትኛውን ብናገር ደስ እንደሚላቸውም እጠይቃለሁ። ስምና ዝምድና ደግሞ ደጋግሜ አረጋግጣለሁ፤ በዚያ ቀን የስም ስህተት በጣም ይጎዳል።

ለዚህ መንገድ የሆነኝ የዶርቃ ታሪክ ነው፣ የሐዋርያት ሥራ 9፥39። ጴጥሮስ ኢዮጴ ሲደርስ መበለቶቹ እያለቀሱ ሟቿ ዶርቃ በሕይወት ሳለች የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። እኔም በስብከቱ ውስጥ እንደዚያ ቀሚስ ያለ አንድ የሚዳሰስ ነገር እፈልጋለሁ። አንድ ይበቃል። ከበዛ የሕይወት ታሪክ ይሆናል፣ ወንጌሉም ቦታ ያጣል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ዮሐንስ 11 ነው። ወንድማቸው አልዓዛር የሞተባቸው ማርታና ማርያም ለኢየሱስ የተናገሩት አንድ ዓይነት ነው፦ አንተ እዚህ ብትኖር ወንድሜ ባልሞተም ነበር። የተመለሰላቸው ግን ይለያያል። ማርታ «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» የሚለውን ቃል ሰማች። ማርያም ስታለቅስ ሲያይ ግን በመንፈሱ ታወከ፣ «ወዴት አኖራችሁት?» አለ፣ እንባውንም አፈሰሰ። ልብ በሉ፣ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም አለቀሰ። ፊቴ ከተቀመጡት መካከል ማርታም ማርያምም አሉ። ስለዚህ ስጽፍ «ይህ ለማርታ ነው፣ ለማርያምስ?» እያልኩ አያለሁ። ወደ ትንሣኤው ተስፋ የምሄደው ለሐዘኑ ቦታ ከሰጠሁ በኋላ ነው። ጳውሎስም በ1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13 የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ማዘንን እንጂ ማዘንን አይደለም።

ሕፃን ሲሞት ወይም ሞት በድንገት ሲመጣ ምክንያት አልፈልግም። «እግዚአብሔር መልአክ ስላስፈለገው ወሰደው» ማለት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም፤ እናትየውንም ያቆስላል። እንዲህ ላለው ቀን መዝሙር 88ን አነባለሁ። እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ መፍትሔ ሳይሰጥ ያበቃል። ግን ጸሎት ነው። እግዚአብሔር ፊት እንዲህም መናገር ይቻላል ማለት ነው፤ ይህን ሐዘንተኛው መስማት ያለበት ይመስለኛል።

የሟቹ እምነት ግልጽ ካልሆነስ? አልፈርድበትም፣ ጻድቅም አላደርገውም። ቤተሰቡ እውነቱን ያውቃል፤ የተጋነነ ውዳሴ ከሰሙ ቀጥሎ የምናገረውንም አያምኑም። ከሕይወቱ ልናመሰግንበት የሚገባውን በእውነት ጠርቼ፣ ክርስቶስ በሕይወት ላለነው የሚለውን እሰብካለሁ።

በአቀራረብ በኩል፣ ከአሥር ደቂቃ ባያልፍ እመርጣለሁ። ያዘነ ሰው ረጅም ሐሳብ መከተል አይችልም። አንድ ክፍል ብቻ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር። ሙሉውን እጽፋለሁ፣ ጮክ ብዬም አነበዋለሁ፤ ድምፄ የሚታነቅበትን ቦታ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። እዚያ ስደርስ ቆም እላለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት ከሟቹ ታሪክ ወደ ወንጌሉ የምሻገርበትን ዓረፍተ ነገር ነው። አሁንም ድንገት የሚዘል ይመስለኛል። ለጊዜው የተሻለው መንገድ፣ ቤተሰቡ ካወሩኝ ውስጥ ሰውየው ራሱ ይወደው የነበረውን ጥቅስ ወይም መዝሙር ካለ ከእሱ መነሣት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በማይገኝበት ጊዜ እናንተ በምን ትሻገራላችሁ?