የቆራሌው ማግኔት

ዛሬ ጠዋት እማዬ በሰፈር የሚያልፈውን ቆራሌው ጠራችና ያላትን በረንዳው ላይ ደረደረችለት። ክዳኑ የጠፋ ማንቆርቆሪያ፣ የዛገ ምጣድ፣ አፉ የጎበጠ የነሐስ ሙቀጫ። "ይሄ እኮ ገና ሻይ ያፈላል!" ብትለውም ቆራሌው ልጅ አልመለሰላትም። ከኪሱ በክር የታሰረች ጥቁር ማግኔት አወጣ፤ ከአሮጌ ስፒከር የተፈታች ትመስላለች። ምጣዱን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ "ብረት።" ማንቆርቆሪያው ላይ ተንሸራተተች፤ "አሉሚኒየም ነው እናቴ፣ ይሄ ይሻላል።" ሙቀጫውንም አልያዘችም፤ እሱን በሚስማር ጫር አድርጎ ቢጫውን አየና ዝም አለ። (የዋጋውን ክርክር ልዝለለው፤ እማዬ አሸንፋለች።)

የኔ እንጀራ ዳታ መመደብ ነው። ዊኪዳታ (ማንም ሊያርመው የሚችል የኢንተርኔት የመረጃ ቋት) ላይ ዕቃው ምን እንደሆነና ከምን እንደተሠራ ለየብቻ ነው የሚሞላው፤ ሁለቱን የቀላቀለ ምደባ ብዙ አይሄድም። እማዬ በመጀመሪያው ስትከራከር ልጁ በሁለተኛው ይገዛል። ዕቃው አሮጌው ወደ ሌላ ዕቃ የሚቀየርበት መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ ምን ይወጣዋል? በርሜል ምድጃ የሚሆነው በዚህ ጥያቄ ነው። እኛ ሠንጠረዥ ላይ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ዓምድ የለም፤ ሰኞ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ።