270 ድምፅ የሚቆጠረው መቼ ነው?

ፒያሳ ካፌ ውስጥ የአሜሪካ ምርጫ ሲነሳ፣ ጨዋታው የሚያልቀው በኖቬምበር ቴሌቪዥን አሸናፊውን የተናገረ ለታ ነው። ቴሌቪዥን ግን ማንንም አይሾምም።

ሕዝቡ በሕግ ፊት የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡለትን 538 ወኪል መራጮች ነው፤ ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም የ270 ወኪሎች ድምፅ ያስፈልጋል። የወኪሎቹን ቁጥር ለማግኘት እያንዳንዱ ግዛት በተወካዮች ምክር ቤት ባለው መቀመጫ ላይ ሁለት ሴናተሮቹን ይደምራል፤ ዋሽንግተን ዲሲ 3 አላት። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር አሸናፊው የግዛቱን ወኪሎች ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። ሂላሪ ክሊንተን በ2016 በሕዝብ ድምፅ በልጣ የተሸነፈችው ለዚህ ነው።

ዋናው ጣጣ ወረቀቱ ላይ ነው። ወኪሎቹ በዲሴምበር በየግዛታቸው ተሰብስበው ለፕሬዚዳንቱና ለምክትሉ ለየብቻ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሰነዱ ታሽጎ ይላካል፤ ጃንዋሪ 6 ኮንግረስ (ተወካዮች ምክር ቤትና ሴኔት በአንድነት) ይቆጥራል። የትራምፕ ደጋፊዎች የኮንግረሱን ሕንፃ የወረሩበት የ2021ዱ ግርግር የተነሳው እዚሁ ላይ ነበር። ያኔ በአንድ ግዛት ድምፅ ላይ ተቃውሞ ለማስመዝገብ ከየምክር ቤቱ አንድ አንድ ፊርማ ይበቃ ነበር። የ2022ቱ ሕግ ከየምክር ቤቱ አንድ አምስተኛ አባላት እንዲፈርሙ አደረገ፤ የምክትል ፕሬዚዳንቱም ሚና ሥነ ሥርዓት ማስፈጸም ብቻ መሆኑን በግልጽ ጻፈ (ምነው እስከዚያ ቆዩ?)።

270 የሞላ ከጠፋስ? ተወካዮች ምክር ቤት በወኪሎቹ ድምፅ ከሚቀድሙት ሦስት ዕጩዎች አንዱን ይመርጣል፤ ለአንድ ግዛት አንድ ድምፅ ብቻ፣ ብዙ ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያም ጥቂት ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግም እኩል። 26 ግዛት ያገኘ ያልፋል። ምክትሉን ግን ሴኔት ከሁለቱ ቀዳሚዎች ይመርጣል፤ ስለዚህ ሁለቱ ከተቀናቃኝ ፓርቲዎች ሊሆኑ ይችላሉ።