ከጣቃው በፊት ወረቀቱ፦ የጨርቅ በጀቴ እስካሁን የደረሰበት

ስለ ማሽን፣ ስለ መርፌ፣ ስለ ዚፕ አገጣጠም ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ስለ ብር ላውራችሁ። ቤት ውስጥ መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ በጣም የተለወጠው ጨርቅ የምገዛበት መንገድ ነው። ከስፌቱ እኩል የምደሰትበትም እሱ ሆኗል።

ጨርቅ ተወዷል። ገበያው ላይ ያለው ብትን ጨርቅ በአብዛኛው ከቻይና፣ ከህንድ፣ አለዚያም በዱባይ በኩል የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የዶላሩን ነገር እያንዳንዱ ሜትር ላይ እናየዋለን። ዚፑም፣ ክሩም፣ ገበሩም ያው ነው። "ጨመር አድርጊ፣ ቢተርፍ ምን ይጎዳል" የሚባለው ምክር ድሮ ያስኬድ ይሆናል። ዛሬ ግን ግማሽ ሜትር ትርፍ ማለት ቁም ሳጥን ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ ገንዘብ ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። መርካቶ ከመውረዴ በፊት ባለካሬ የሒሳብ ደብተር እከፍታለሁ። አንድ ሴንቲ ለ10 ሴንቲ እይዝና ጨርቁን በወረቀት ላይ አነጥፈዋለሁ። 150 ወርድ ያለው ጨርቅ 15 ሴንቲ ይሆናል። ከዚያ የፊቱን፣ የኋላውን፣ እጅጌውን፣ ቀበቶውን በዚያው ልክ በወረቀት ቆርጬ እደረድራለሁ። አዙሬ፣ ገልብጬ፣ አቀራርቤ አየዋለሁ። የሚያስፈልገኝ ሜትር ከዚያ ላይ ይወጣል። ሻጩ "ለቀሚስ ሦስት ሜትር ነው" ቢለኝም የእኔ ቁጥር በእጄ ነው።

ዋናው ነገር ወርዱ ነው። ሁላችንም "ሜትሩ ስንት ነው?" ብለን እንጠይቃለን፤ "ወርዱስ?" የሚል ሰው ጥቂት ነው። ብትን ጨርቅ 90፣ 115 ወይም 150 ሴንቲ ወርድ ሊኖረው ይችላል። ሱሪን ውሰዱ። በ150 ወርድ ላይ ሁለቱም እግር ጎን ለጎን ስለሚገባ የሱሪው ቁመትና 20 ሴንቲ ያህል ጭማሪ ለብዙ ሰው ይበቃል። በ115 ላይ ግን ወደ ሁለት ቁመት ይጠጋል። ስለዚህ በሜትር ርካሽ የሚመስለው ጠባብ ጨርቅ ሱሪ ሲሆን ከሰፊው ሊበልጥ ይችላል። እኔ ሁልጊዜ የሜትሩን ዋጋ ለወርዱ አካፍላለሁ። 300 ብር ለ115 እና 360 ብር ለ150 ቢባል፣ ርካሹ ባለ 360ው ነው። ስልክ ላይ ለማስላት ጊዜ አይፈጅም።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። ክሎሽ ጉርድ ነው፤ ከክብ ጨርቅ የሚቆረጥ ጉርድ ማለት ነው። ሙሉ ክሎሽ ከሙሉ ክብ፣ ግማሽ ክሎሽ ከግማሽ ክብ ይወጣል።

ወገብ 70፣ ቁመት 60 እንበል። ሙሉ ክሎሽ ሲሆን የወገቡ ክብ ከመሃል እስከ ዳር 11 ሴንቲ ነው፤ 70ን ለ6.28 ማካፈል ነው። በዚያ ላይ ቁመቱ 60፣ ለመቀምቀሚያ 2፣ ድምሩ 73። ክቡ ከጫፍ ጫፍ 146 ሆነ ማለት ነው። በ150 ወርድ ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። ግን ጨርቁን ጠቅልሎ ይበላዋል። የሚቀሩት አራት ማዕዘኖች ትንንሽ ናቸው፤ ቀበቶ እንኳ አንድ ወጥ ሆኖ አይወጣባቸውም። ለቀበቶ 10 ሴንቲ ሲጨመር 1.60 ሜትር ሆነ።

ግማሽ ክሎሹን እንይ። 70 ለ3.14 ሲካፈል 22 አካባቢ ነው። 22፣ 60፣ 2 ሲደመር 84። ግማሽ ክቡን ቀጥ ያለው ጎኑ ከጨርቁ ጠርዝ ጋር እንዲሄድ አድርጌ ሳነጥፈው ርዝመቱ 168 ይሆናል፤ 1.70 ልበለው። ከወርዱ ደግሞ ከመስፊያው ጋር 86 ሴንቲ ያህል ይወስዳል። ከጎን ምን ቀረ? 64 ሴንቲ ወርድ፣ 1.70 ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጨርቅ። ያ ደግሞ ሸሚዝ ነው! ፊቱ 52 በ60፣ ኋላው 52 በ60፣ ተከታትለው 1.20 ይወስዳሉ። ከጎናቸው በምትቀረው 12 ሴንቲ ላይ ቀበቶው ይወጣል። ከታች በቀረችው 50 ሴንቲ ላይ ሁለት አጭር እጅጌ፣ እያንዳንዱ 40 በ24። የአንገቱ መጠቅለያ ደግሞ ከግማሽ ክቡ ማዕዘን።

ሜትሩ 400 ብር ነው ብለን እናስላው። ሙሉ ክሎሹ ብቻውን 640 ብር። ለሸሚዙ ለብቻ ብገዛ 60 ሴንቲ ያስፈልጋል፣ 240። ሁለቱ 880 ብር። በግማሽ ክሎሹ መንገድ ግን ጉርዱም ሸሚዙም ከአንድ 1.70 ሜትር ይወጣሉ፤ 680 ብር። ይህን ስብስብ ከስስ ጥጥ ሰፍቼ ለብሼዋለሁ። ጉርዱ ደስ ብሎ ይወርዳል፤ ወገብ ላይ አይከብድም። እውነቱን ለመናገር ለቢሮና ለታክሲ ከሙሉው ክሎሽ ይልቅ ግማሹ ይመቻል።

ልብ በሉ፣ ይህ የሚሆነው በ150 ወርድ ነው። በ115 ላይ ከጎን የሚቀረው 29 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ ሸሚዝ አይታሰብም። አበባው ወይም ሥዕሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ ጨርቅም ለዚህ አይሆንም። ግማሽ ክብ ላይ ሥዕሉ አንዱ ጋ ቆሞ ሌላው ጋ ይተኛል። እንደ ከፋይ ያለ ጸጉር ያለው ጨርቅም እንዲሁ፤ ሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ መቆረጥ ስላለበት ከስሌቱ በላይ መግዛት የግድ ነው።

የጥጥ ጨርቅ ይገባል፤ ማለትም ሲታጠብ ይሰበሰባል። ስለዚህ ለጥጥ ከስሌቴ ላይ በመቶ 5 እጨምራለሁ። ለ3 ሜትር 15 ሴንቲ ማለት ነው። ከዚያ ሳልቆርጥ እነክረዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ በካውያ እመታዋለሁ። ለፖሊስተር ይህን ያህል አልጨነቅም።

ሸማ ተራ አካባቢ ስትገዙ አለካኩን ቆማችሁ እዩ። የሚለጠጥ ጨርቅ ተወጥሮ ከተለካ ቤት ሲደርስ አጥሮ ይገኛል። "ላላ አድርገህ ለካልኝ" ማለት ነውር የለውም። የጣቃው መጨረሻ ሲሆን ደግሞ ጠይቁ። አንድ ሜትር ከምናምን የቀረች ቁራጭ በቅናሽ ትሸጣለች። የደብተሬን ሥዕሎች ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ ስለምይዝ፣ 1.30 ቁራጭ ሳገኝ ምን እንደሚወጣው እዚያው አውቃለሁ። ልክ የማላውቅላትን ቁራጭ ግን ርካሽ ናት ብዬ አልገዛም። ይህን አጥብቄ ይዤዋለሁ።

ትንንሾቹ ዕቃዎች በጀት ያፈርሳሉ። ጨርቁን ብቻ አስልቶ "ቀሚሱ ይህን ያህል ወጣበት" ማለት ልክ አይደለም። ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክ፣ ገበር፣ የኮሌታ ማጠንከሪያ፣ ሁሉም አለ። ገበር ያለው ቀሚስ ከሆነ ገበሩም በሜትር የሚገዛ ጨርቅ ነው፤ ወርዱም ከላዩ ጨርቅ ጋር ላይገጥም ይችላል፤ የራሱ ሥዕል ይፈልጋል። ዚፕና ቁልፍን ከአሮጌ ልብስ እፈታለሁ። ልባሽ ጨርቅ ተራ የሚገኝ ያረጀ ጂንስ ላይ ያለው የብረት ዚፕ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ የፕላስቲክ ዚፕ ይጠነክራል። ክር ላይ ግን አልቆጥብም። የሚበጠስ ክር ጊዜም ጨርቅም ይበላል። ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ትልልቅ ጥቅል ይዣለሁ። ግራጫው ከብዙ ቀለም ጋር ስለሚስማማ ለውስጥ ስፌት ይሆናል። ከላይ ለሚታየው ብቻ ቀለሙን እገዛለሁ። መርፌም 8 ሰዓት ያህል ከሰፋ በኋላ እቀይራለሁ፤ የደነዘ መርፌ ጨርቁን ይስባል።

አዲስ ንድፍ ስሞክር መጀመሪያ በአቡጀዲ ነው የምሰፋው። አንዳንዶቻችሁ "ይህ ተጨማሪ ወጪ አይደለም ወይ?" ብላችሁ ነበር። ለልቅ ጉርድ ወይም ለሽርጥ ከሆነ አዎ፣ አያስፈልግም። እጅጌና ደረት ላለው ልብስ ግን በእኔ እምነት ቁጠባ ነው። አቡጀዲው አይጣልም። ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ፈትቼው ንድፍ ይሆናል፤ ከወረቀት ይልቅ ይበረክታል። ያረጀ አንሶላም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ልብስ አንድ ገጽ አለ። ከላይ ሥዕሉ፣ ከሥሩ የታሰበውና የወጣው ብር፣ ከዚያ የተረፈው ጨርቅ በሴንቲ። ከጥግ ላይ የጨርቁ ቁራጭ በስፒል ትያዛለች። የሚጠቅመኝ የተረፈው መጠን ነው። መጀመሪያ አካባቢ የሰፋኋቸው የትራስ ልብሶችና ሽርጦች ገጽ ላይ ትርፉ ሰፊ ነው። የቅርቦቹ ላይ የቀረው እጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ነው። እነሱንም ለድስት መያዣ እሰበስባለሁ።

ቀጥዬ ያሰብኩት ለፋሲካ የሐበሻ ቀሚስ ነው። እዚህ ስሌቱ ይገለበጣል። የሽመና ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ ክሎሽ አይቆረጥለትም፤ ቅርጹ የሚመጣው ከሽንሽን ነው። ለ70 ወገብ እጥፍ ሽንሽን ብፈልግ 140 ዙሪያ ያስፈልገኛል። ወርዱ 80 ቢሆን ሁለት ወርድ አገጣጥሜ 160 አገኛለሁ፤ ለጉርዱ 105 ቁመት ቢበቃኝ ሁለት ጊዜ 105፣ 2.10 ሜትር መሆኑ ነው። ጥሩው ነገር ሽሮ ሜዳ ሄዶ ለሸማኔ ማዘዝ መቻሉ ነው። ጥለቱ ከጫፍ ስንት ሴንቲ ላይ እንዲያርፍ፣ ርዝመቱ ስንት እንዲሆን ነግሬ ካሠራሁ የሚቆረጥ ትርፍ የለም ማለት ይቻላል። ሥዕሉን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ ያልወሰንኩት የእጅጌውን ጥለት ነው። ለብቻው ይሸመን ወይስ ከዋናው ጥለት ላይ ይቆረጥ? ያሠራችሁ ካላችሁ የትኛው በዋጋ እንደሚሻል ንገሩኝ።