የአባቴ ዲቲ በሐረጎ ቁልቁለት

አባቴ በእንስሳት ጤና ሥራ ገጠር ለገጠር የዞረባት ያማሃ ዲቲ 175 ሞተር ሳይክል አሁን የእኔ ናት። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያወጣት ራሱ ገዛት፤ ጉልበቱ ሲከዳው ለእኔ ሰጠኝ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ እወርዳለሁ፤ ከፍታው በዚህች መንገድ ብቻ 600 ሜትር ያህል ይቀንሳል። ዲቲ ደግሞ ባለ ሁለት ምት ሞተር ናት፤ ጋዝ ሲለቀቅ በማርሽ የመያዝ አቅሟ ደካማ ስለሆነ ሸክሙ ፍሬን ላይ ይወድቃል። የፊት ፍሬኗም ዲስክ አይደለም፣ በገመድ የሚሠራ ታምቡር ነው፤ ማለትም ከጎማው ጋር በሚዞር ክብ ብረት ውስጥ ሸራዎች እየተገፉ ይይዙታል።

ከክረምት ወዲህ ፍሬን ስይዝ ፊቷ ወደ መሬት ይደፋል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የፍሬን እጀታው እስከ መሪው ድረስ ይመጣል። አዲስ ሸራ አስገባሁ። ብዙም አልተለወጠችም። ያኔ ነው ሁሉንም ከስር ለመጀመር የወሰንኩት።

መጀመሪያ የፊት አሞርዛተሩን፣ የመንገዱን ንዝረት የሚውጠውን ክፍል፣ ፈታሁ። ጎማውን ከግራና ከቀኝ የያዙት ሁለት እግሮች ከታች በኩል ትንሽ የዘይት መፍሰሻ ቡሎን አላቸው። ከግራው እግር የወጣው ጥቁርና ወፍራም ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ቁጥር 40 የሞተር ዘይት ሞልቶልኝ ኖሯል። እንዲህ ያለ ዘይት በውስጥ ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ቶሎ አያልፍም፤ ኮብልስቶን ላይ እግሩ ይደርቃል፣ ተከታታይ ጉድጓድ ላይ ደግሞ አንዴ ከገባ ለመመለስ ጊዜ ያጣል። ከቀኙ የወጣው ከግራው ግማሽ አይሆንም፤ ፓራኦሊው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ተበልቶ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። አንዱ እግር ደረቅ፣ አንዱ ባዶ፤ የመሪው መንቀጥቀጥ ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም።

ሁለቱንም ፓራኦሊ ቀየርኩ። አዲስ ፓራኦሊ ከማስገባታችሁ በፊት ግን ቱቦውን በጥፍራችሁ ዳስሱ፤ የዛገ ጉድጓድ ካለበት አዲሱንም በሳምንት ይቀደዋል። ቁጥር 10 የአሞርዛተር ዘይት ሞላሁ። በሊትር ለክቶ ማፍሰስ አይበቃም፤ ሞላውን (ስፕሪንጉን) አውጥቶ፣ እግሩን እስከ መጨረሻ ጨፍልቆ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን በማስመሪያ መለካትና ሁለቱን እኩል ማድረግ ነው።

ሞላው ራሱ ደክሟል። ስቀመጥባት ፊቷ 85 ሚሊ ሜትር ትወርድ ነበር። ሁለት 20 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ ቁራጭ አስቆርጬ፣ ከላይና ከታች ሮንዴላ አድርጌ ከሞላው በላይ አስገባሁ። አሁን 65 ነው፤ እግሩ ከሚሄደው መንገድ ሲሶው ገደማ። ክዳኑ ሲፈታ ሞላው ወደ ላይ እንደሚወረወር አትርሱ፣ ፊታችሁን አርቁ።

የፍሬኑን ጉዳይ ግን ከሁሉ በላይ መናገር የምፈልገው ነው፤ ብዙ ሰው ሸራ እየቀየረ ገንዘቡን ሲጨርስ አያለሁና። እየዞረ ሸራውን የሚገፋው ዘንግ (ካም) ላይ ገመዱ የሚጎትታት ክንድ ተሰክታለች። ፍሬኑ መያዝ ሲጀምር ክንዷና ገመዱ 90 ዲግሪ ሊሠሩ ይገባል፤ ጉልበት ሳይባክን የሚያልፈው ያኔ ነው። የድሮው ሸራ ሲያልቅ አንድ ሰው ክንዷን በካሙ ጥርሶች ላይ ሁለት ጥርስ ወደ ኋላ መልሷት ኖሯል። ወፍራሙ አዲስ ሸራ ሲገባ ክንዷ ከቦታዋ በጣም ወደ ኋላ ቀረች፤ እኔ እጎትታለሁ፣ ጉልበቱ ካሙ ላይ አይደርስም። ካሙና ክንዷ ላይ የተመቱትን ነጥቦች አገናኘሁ። ወጪው ዜሮ ነው።

ቀጥሎ የታምቡሩን ውስጥ ጠመኔ ቀብቼ፣ ገጥሜ፣ ጎማውን እያሽከረከርኩ ቀስ ብዬ ያዝኩት። ስፈታው ጠመኔው የነካው የሸራውን መሃል ብቻ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ነው። ነጩን እየፈለግሁ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፤ አራት ጊዜ ደጋገምኩ። አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ በእርጥብ ጨርቅ እየተጠረገ ነው። በድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በአፍ እፍ ማለት ክልክል ነው። የተለጠጠውን ገመድ በአዲስ ቀየርኩ። በመጨረሻ የአክሱን ዳዶ ላላ አድርጌ፣ ጎማውን አሽከርክሬ ፍሬኑን አጥብቄ ያዝኩ፤ ሳልለቅ ጓደኛዬ ዳዶውን አጠበቀው። ሸራዎቹ በታምቡሩ መሃል የሚቀመጡት እንዲህ ነው። እግሮቹን የሚያጠብቁትን ቡሎኖች ያሰርኩት ፊቷን ደጋግሜ ተጭኜ ቱቦዎቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ወረድኩ። መጀመሪያዎቹ ጠመዝማዛዎች ላይ ፍሬኑን በሁለት ጣት ነው የያዝኩት። ፊቷ ይወርዳል፣ ግን ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ። ያም ሆኖ ታምቡር ሲግል ይደክማል፤ ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምወርደው፣ ሞተሩ ዘይት እንዲያገኝም አለፍ አለፍ እያልኩ ጋዝ እሰጣታለሁ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ቆሜ እጄን ወደ ታምቡሩ ሳስጠጋ ሙቀቱ ይሰማል፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ግን የለም።

ማታ ለአባቴ ደውዬ ስለ ክንዷ ነገርኩት። «የመሪውን አንገት ኩሽኔታስ አይተኸዋል?» አለኝ። ፊቷን አንስቼ መሪውን ሳዞር መሃል ላይ ቆንጠጥ የምታደርግ ቦታ አለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ እሱ ነው።