በእትዬ መታሰቢያ የአገር በቀል ችግኝ ማፍላት፦ እስካሁን የደረስኩበት

የአባቴ ታላቅ እህት፣ ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ» የምንላቸው፣ ካረፉ ወዲህ ሙት ዓመታቸውን በምን እናስብ የሚለው ጉዳይ በቤታችን ሲነሳ ቆይቷል። ፍትሐቱና ለነዳያን የሚደረገው ዝክር እንዳለ ሆኖ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወደዷቸውን ዛፎች ከዘር አፍልተን እንትከል የሚል ሐሳብ አቀረብኩ፤ ሐሳቡን ያመጣ ይሥራው ተባለና ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። በሙያዬ የቢሮ ሠራተኛ ስለሆንኩ፣ ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በጓሮ ለጀመሩ ወይም ለመጀመር ለሚያስቡ ነው።

እትዬ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። የወንድምና የእህት ልጆችን ሰብስበው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ወደሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን መውሰድን ግን እንደ ግዴታ ይቆጥሩት ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እዚያ እንዳስተከሉ የሚነገረውን ታሪክ ገና ከመኪና ሳንወርድ ይጀምሩልናል። ምሳ ከመቅረቡ በፊት ሕፃናቱን ዓይናቸውን አስጨፍነው፣ ቅጠል በጣታቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉና «ይሄ ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥዱን የለየ የመጀመሪያውን ጉርሻ ያገኛል፤ የተሳሳተ ደግሞ ከላይ ያሉት ጉሬዛዎች እየሳቁበት መሆኑ ይነገረዋል። ትልልቆቹ ተኮራርፈው እንኳ ቢመጡ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ከአንድ ሳህን ሳያበሏቸው አይመለሱም ነበር።

የጀመርኩት በጥድ ነው። ዘር ለመልቀም ከደኑ ጠባቂዎች ፈቃድ ጠይቄ፣ እትዬ ሁልጊዜ ምንጣፋቸውን ያነጥፉበት ወደነበረው ዛፍ ስሄድ አንድም ፍሬ አልነበረበትም። ከጠባቂዎቹ አንዱ እንዳስረዱኝ፣ የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው፤ ያ ዛፍ ወንድ ስለነበረ ምንጊዜም ፍሬ አይዝም። በመሆኑም ዘሩን የለቀምኩት አጠገቡ ካለችው ሴት ጥድ ሥር ነው። እትዬ ይህን ያውቁ እንደነበር እጠረጥራለሁ፤ ሆን ብለው ፍሬ የማይረግፍበትን መርጠው እንደሆነ ማን ያውቃል! ፍሬው ሲበስል ጥቁር ሰማያዊ መልክ ይይዛል። በውስጡ ከአንድ እስከ አራት የሚደርሱ ዘሮች ስላሉት፣ ውኃ ውስጥ በአሸዋ እያሹ ሥጋውን ማላቀቅና የሚንሳፈፈውን ባዶ ዘር አስወግዶ የዘቀጠውን ማስቀረት ያስፈልጋል። ጥድ እኩል አይበቅልም፤ አንዱ ቅጠል አውጥቶ ሳለ ጎረቤቱ ገና አፈር ውስጥ ስለሚሆን፣ ዘሩ የተዘራበትን መደብ ቶሎ ገልብጦ ለሌላ ዘር ማዋል ኪሳራ ነው።

ወይራ ብዙ ትዕግሥት ጠይቆኛል። ሥጋው ከተወገደ በኋላ የሚቀረው ጠንካራ ቅርፊት ውኃ በቀላሉ ስለማያስገባ፣ ውስጡን ሳይጎዱ በትንሽ መዶሻ ጠርዙን መሰንጠቅና ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ይረዳል። ዘሩን በጣት ይዞ የመዶሻውን ክብደት ብቻ እንዲያርፍበት ማድረግ እንጂ መምታት አይገባም። ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ በተቃራኒው ፋታ አይሰጥም፤ ዘሩ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ በተለቀመበት ሰሞን መዘራት አለበት። ኮሶም እንደ ጥድ ወንድና ሴት አለው፤ ዘሩ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በስሱ አፈር አልብሼ፣ ውኃው እንዳያጥበው ሣር ሸፍኜበታለሁ።

ችግኙ ለሚያድግበት ጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የጫካ አፈርና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅያለሁ። ውኃ ማጠጣቱን የእህቶቼና የወንድሞቼ ልጆች ተከፋፍለውታል። መጀመሪያ ላይ ከፍቅር ብዛት ደጋግመው ሲያጠጡ ችግኞቹ ከአፈሩ ጥግ ላይ እየጠወለጉ ይወድቁ ስለነበር፣ ጣት አፈሩ ውስጥ አስገብቶ ሳይደርቅ እንዳይጠጣ የሚል ደንብ ወጣ። ታናሿ የእህቴ ልጅ ይህን ደንብ ለአባቴም አስተምራቸዋለች፤ እርሳቸው ግን ማለዳ ማለዳ በድብቅ ማጠጣታቸውን አልተዉም፤ ወንበራቸውንም ከመደቡ አጠገብ አድርገዋል። እርሳቸውን የሚቆጣ ስለሌለ ችግኞቹን ወደ ሌላ ጥግ ማዛወር ቀለለን።

አሁን ጥዱና ወይራው የማላመድ ደረጃ ላይ ናቸው፤ ለጥላ ከላያቸው የሠራሁትን የዳስ ሣር ቀስ በቀስ እያነሳሁ ፀሐይ አስለምዳቸዋለሁ፤ ውኃውንም እየቀነስኩ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ካራሰው በኋላ፣ ፕላስቲኩን ቀድደን በአያቶቻችን ይዞታ ላይ እንተክላቸዋለን። ቦታው ፍየል ስለሚበዛበት አጥሩ ከጉድጓዱ ቀድሞ ይሠራል።

የቀረኝ ዝግባ ነው። ዘሩ በተፈጥሮው እጅግ ዘገምተኛ መሆኑን ባውቅም፣ እስካሁን ከመደቡ ምንም አልወጣም። ከእናንተ መካከል ጠንካራውን ቅርፊት አውልቆ የዘራ ካለ፣ ውስጡን ሳይጎዳ በምን እንደፈለፈለውና ከዘራው በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደጠበቀ ቢያካፍለኝ፣ ያለኝን ቀሪ ዘር በዚያው መንገድ እሞክረዋለሁ።